መውጫው በግራ ነው

ሊቁ፦ በቀኝ ነው አልኩህ! መዝጊያዋ ምልክት ከተፈጠረች ጀምሮ በቀኝ ናት!

ፈዛዛው፦ እዚህኛው ላይ በግራ ናት። ያቻት፣ ቀይዋ።

ሊቁ፦ አንተ ወንበርህን ደርድር። ኮምፒውተሩን ለእኔ ተወው።

[ከአንድ መሥሪያ ቤት የስብሰባ አዳራሽ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል። ፊት ለፊት ወደ አዳራሹ የሚያስገባ በር አለ፤ በግራ ወደ ጓሮ የምታወጣ ትንሽ በር፤ በቀኝ የማይክራፎን ማቆሚያ የታጨቀበት ቁም ሣጥን። ጠረጴዛው ላይ ትናንት የመጣ አዲስ ኮምፒውተርና የውስጥ ስልክ ተቀምጠዋል። ሊቁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ከሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ጋር አሥር ዓመት ኖሯል፤ ይኼኛውን ግን ያየው ዛሬ ነው። ፈዛዛው አዳራሹን የሚያሰናዳው ሰው ነው፤ ወንበሩም፣ መብራቱም፣ ማይኩም የእሱ ጣጣ ነው። «ፈዛዛው» የሚለውን ስም ያወጣለት ሊቁ ነው። «ሊቁ» የሚለውንም ያወጣው ሊቁ ነው። ከበሩ ማዶ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ የሥራ አስኪያጁን መምጣት ይጠብቃል።]

ፈዛዛው፦ እሺ፣ በቀኝም በግራም ትሁን፤ ብቻ ቶሎ በልልኝ። ዛሬ ካልሰጠኋት ነገ የለችም።

ሊቁ፦ ማናት የሌለችው?

ፈዛዛው፦ የስልክ ኦፕሬተሯ ናታ! ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራለች። ስብሰባው ሲያልቅ ተሸኝታ መሄዷ ነው።

ሊቁ፦ ታዲያ ምን ደብዳቤ አስጻፈህ? ሄደህ በአፍህ አትነግራትም?

ፈዛዛው፦ አልችልማ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ይቺን ስልክ አነሳለሁ። «አቤት» ትላለች። አፌ ይተሳሰራል። እዘጋዋለሁ።

ሊቁ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ?!

ፈዛዛው፦ የዓመት ፈቃድ የወጣሁበት ሳይቆጠር።

ሊቁ፦ [ራሱን እየነቀነቀ] አንተ ልጅ፣ እኔን ባታገኝ ምን ይውጥህ ነበር? በል አምጣ፣ የጻፍከውን ልየው። [ስክሪኑ ላይ ያነባል።] «ጠዋት ጠዋት ደውሎ የሚዘጋው እኔ ነኝ። የምደውለው የአዳራሹ ማይክ እንደሚሠራ ልነግርሽ ነው። ማይኩ ሁልጊዜም ይሠራል። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ሲያነሳው ምን እንደምል አላውቅም። ሳትሄጂ አንድ ሻይ አብረን ብንጠጣ ደስ ይለኛል። ሌላ የምለው የለኝም።» ... ይኼው ነው?

ፈዛዛው፦ ይኼው ነው።

ሊቁ፦ ይኼ የፍቅር ደብዳቤ ነው ወይስ የጥገና ሪፖርት?

ፈዛዛው፦ ማይኩ እውነት ይሠራል እኮ።

ሊቁ፦ ፀሐይ የታለች? ጨረቃ የታለች? የሴት ልብ በማይክ ሲከፈት የት አየህ? ቆይ፣ ናሙና አሳይሃለሁ። [ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ይሰካል።] ይኼን የጻፍኩት ለገንዘብ ያዧ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ማልቀሷን ሰው ነግሮኛል።

ፈዛዛው፦ ከዚያስ? እሺ አለችህ?

ሊቁ፦ እያሰበችበት ነው። እንግዲህ አየህ፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው፤ የአንተን በግራ፣ የእኔን በቀኝ አደርጋለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ፣ ከዚያ እያየሁ እዚህ አሳምርልሃለሁ።

[የገንዘብ ያዧን ደብዳቤ ይከፍታል። አዲሱ መስኮት የፈዛዛውን ደብዳቤ እላዩ ላይ ወጥቶ ይሸፍነዋል። ሊቁ ለማሳነስ እጁን ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ይሰዳል። እዚያ ምንም የለም። ደግሞ ይሰዳል። አሁንም የለም። አሥር ዓመት የለመደ እጅ ነውና አይፈረድበትም።]

ፈዛዛው፦ በግራ...

ሊቁ፦ አውቃለሁ! በግራ መሆኑን አውቃለሁ፤ እጄ ነው ያላወቀው። [አረንጓዴዋን ምልክት ይጫናል። ደብዳቤው ስክሪኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላዋል፤ ሌላው ሁሉ ይጠፋል።] ምን ጉድ ነው?! የአንተን ዋጠው!

ፈዛዛው፦ አረንጓዴዋን ደግመህ ንካት። ጠዋት እኔም ላይ እንዲሁ...

ሊቁ፦ ምልክቶቹ የሉማ! አረንጓዴዋም ሄዳለች!

ፈዛዛው፦ የማውሷን ቀስት ወደ ላይ ስትወስዳት ብቅ ይላሉ።

[ሊቁ ይወስዳታል። ብቅ ይላሉ። አረንጓዴዋን ሲነካት ደብዳቤው ወደ ልኩ ይመለሳል። በዚህ ደስ እንዳላለው ከጆሮው መቅላት ያስታውቃል።]

ሊቁ፦ እኔም ልል የነበረው ይህንኑ ነው። አሁን ቢጫዋን ላሳይህ፤ ይቺ የምታሳንሰው ናት። [ይጫናል። ደብዳቤው ወደ ታች ተስቦ የውሃ ሽታ ይሆናል።] የት ገባ? በድሮው ላይ በሁለት ጣቴ ይህቺንና ይህቺን ስጫን የከፈትኩት ሁሉ እንደ ወታደር ይሰለፍልኝ ነበር! [ይጫናል።] ጭራሽ ዝም? ዝም ነው የምትለኝ?

ፈዛዛው፦ ታች ጥግ ላይ ትንሽ ሆኖ አለ። ያውልህ። እኔ የምልህ ግን፣ ይህ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የወጣው ገመድ...

ሊቁ፦ ስለ ገመድ ማን ጠየቀህ? ልብ ብለህ እየኝ። የድሮው ላይ መስኮቱን ይዘህ ወደ ቀኝ ጠርዝ ስትገፋው ልጥፍ ብሎ ግማሹን ስክሪን ይይዛል። ለራሱ ቦታ ያውቃል! [የገንዘብ ያዧን ደብዳቤ ከታች ጥግ መልሶ ይከፍትና ይዞ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ጠርዙ ላይ ደርሶ አልቆመም። ሩቡ ጠፋ፣ ግማሹ ጠፋ፣ ሙሉ በሙሉ ሄደ።] ሄደ!

ፈዛዛው፦ ሄደ።

[አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጫጫታ በአንዴ ይቆማል።]

ሊቁ፦ ሥራ አስኪያጁ መጡ መሰለኝ፤ ዝም አሉ።

ፈዛዛው፦ እሳቸው ሲመጡ ወንበር ነው የሚንጫጫው፤ ሁሉም ስለሚነሳ። ስማኝማ፣ ደብዳቤው የጠፋ አይመስለኝም። ይህ በበሩ ሥር የሚያልፈው ገመድ...

ሊቁ፦ ወንድሜ፣ መስኮት በገመድ ላይ ሲሄድ የት አየህ? ልብስ ነው የሚሰጣው? ስክሪኑ የተሠራው ከመስታወት ነው፤ ጠርዝ አለው፤ ከጠርዙ በኋላ ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ ጠርዙ ሥር ተሸጉጧል ማለት ነው። ይልቅ ሌላ ናሙና ልክፈት። ይኼኛው ለጸሐፊዋ ነው። [ይከፍታል።]

ፈዛዛው፦ [አጎንብሶ ያነባል።] «የሕይወቴ ፀሐይ፣ የሌሊቴ ጨረቃ ሆይ፤ አንቺን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም...» ይኼ እኮ የገንዘብ ያዧ ነው።

ሊቁ፦ የጸሐፊዋ ነው! ከላይ ስሟን አታይም?

ፈዛዛው፦ ፀሐይዋም ጨረቃዋም ያው ናቸው።

ሊቁ፦ ሌላ ፀሐይ ከየት ላምጣ? ያለችው አንዲት ናት!

ፈዛዛው፦ ጸሐፊዋስ? እሺ አለች?

ሊቁ፦ እሷም እያሰበችበት ነው። አሁን ቀስ አድርጌ ነው የምገፋው፤ ስሕተቴ ፍጥነት ነበር። [ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ክር በመርፌ እንደሚያስገባ ሰው እየተጠነቀቀ ይገፋል። ደብዳቤው እየተጠነቀቀ ይጠፋል።] ... ይኼ ማሽን ሰው ይንቃል!

[ከአዳራሹ በመጀመሪያ አንድ ሰው ይስቃል። ከዚያ አሥር። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። አንድ ወንበር ሲወድቅ ይሰማል።]

ሊቁ፦ አንዱ ቀልድ ይዞ መጥቷል። እኛ እዚህ በላብ ተጠምቀናል፣ እነሱ ይዝናናሉ!

ፈዛዛው፦ በሞቴ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ልንገርህ። ገመዱን ዛሬ ጠዋት...

ሊቁ፦ ገመድ የምትለዋን ቃል አንዴ ብትደግም ጥዬህ እሄዳለሁ! አንተም ዕድሜ ልክህን «አቤት» ስትል እየዘጋህ ትኖራለህ!

[ፈዛዛው ወደ አዳራሹ በር ሄዶ በጣት ስፋት ይከፍተውና ያያል። ለረጅም ጊዜ ያያል። ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ መልሶ ዘግቶት ይመለሳል። ፊቱ ላይ እስከ ዛሬ ያልነበረ ነገር አለ። ሊቁ ግን ቀና አላለም፤ ከስክሪኑ ጋር ተፋጦ እልህ ተጋብቷል።]

ፈዛዛው፦ እስቲ አሁን የእኔን ወደ ቀኝ ግፋው።

ሊቁ፦ የአንተን? እሱም እንዲጠፋ?

ፈዛዛው፦ ምናልባት ያንተዎቹ ወደ ሄዱበት ሄዶ ያገኛቸው ይሆናል።

ሊቁ፦ [በሐዘኔታ ያየዋል።] አይ ፈዛዛው። ደብዳቤን ደብዳቤ ይፈልገዋል ነው የምትለኝ? ገና አልተስተካከለም እኮ። ፀሐይ አልገባበትም፣ ጨረቃ አልገባበትም፤ ያው ማይክህ ብቻ ነው ያለው።

ፈዛዛው፦ እንዳለ ይሂድ። ጽሑፉን ግን በመጀመሪያ ትልቅ አድርግልኝ።

ሊቁ፦ ለምን?

ፈዛዛው፦ ኋላ ያለው... እኔ ኋላ ቆሜ አይታየኝም።

ሊቁ፦ ይኸው፣ ዝሆን አሳከልኩልህ። እንግዲህ በራስህ ላይ ነው የፈረድከው። [ይገፋል። የፈዛዛው ደብዳቤ ሩቡ፣ ግማሹ፣ ከዚያም ሁሉም ይሄዳል።] በቃ። ሦስቱንም ቀበርናቸው። ነፍስ ይማር።

[አዳራሹ እንደገና ጸጥ ይላል። ይኼኛው ጸጥታ ግን ረዥም ነው። አንድ ሰው ጥቂት ያጨበጭብና ያቆማል። ከዚያ የሴት ጫማ ድምፅ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ከአዳራሹ ሲወጣ ይሰማል። ፈዛዛው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሊቁ የኮምፒውተሩን ጎን እየመታ ነው።]

ሊቁ፦ እኔ እኮ ገና ሳየው ተናግሬያለሁ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ! የትራፊክ መብራት ነው ወይስ ኮምፒውተር? መዝጊያውን በግራ ያደረገ ሰው ጤነኛ ነው? በር እንኳ...

[የውስጥ ስልኩ ይጮኻል።]

ሊቁ፦ አንሳው። ሥራ አስኪያጁ ይሆናሉ።

[ፈዛዛው ያነሳል። ጆሮው ላይ ያደርገዋል። እንደለመደው ሌላኛው እጁ ወደ ስልኩ መዝጊያ ይሄዳል።]

ድምፅ፦ [በስልኩ ውስጥ፣ የሴት፣ ጥርት ያለ] ዛሬ እንዳትዘጋብኝ።

ፈዛዛው፦ ... አልዘጋም።

ድምፅ፦ ሁለት ዓመት የፈጀ የማይክ ሙከራ! እኔ እኮ ዕዳ የሚጠይቅ ሰው መስሎኝ ነበር። ሻይህን የት ነው የምትጋብዘኝ?

ፈዛዛው፦ የትም። የፈለግሽበት። እዚያ ማዶ አንድ... አዎ። አዎ። ስብሰባው እንዳለቀ። [ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ይስቃል።] አቤት? እሺ፣ እነግረዋለሁ።

ሊቁ፦ ማናት? እሷ ናት? ስለ ሻዩ በምን አወቀች? ደብዳቤውን እኮ አሁን በዓይናችን ፊት ነው የበላው!

ፈዛዛው፦ አልበላውም።

[ሊቁ የፈዛዛውን ጣት ይከተላል። ጣቱ ገመዱን ያሳያል። ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ይወጣል፣ በወለሉ ላይ ይሄዳል፣ በአዳራሹ በር ሥር ያልፋል። ሊቁ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን ያስገባል። ከመድረኩ በላይ ያለው ግድግዳ በፕሮጀክተር ቦግ ብሎ በርቷል። የእሱ ሁለት ደብዳቤዎች በግራና በቀኝ፣ የፈዛዛው መሐላቸው። ፀሐይ ሁለት ጊዜ፣ ጨረቃ ሁለት ጊዜ፣ ማይክ አንድ ጊዜ። መቶ ሃያ ሰው ዞሮ አየው። ሊቁ በሩን ዘግቶ በጀርባው ተደገፈው።]

ሊቁ፦ ሁለተኛ... ሁለተኛ ስክሪን ነው? ወደ ቀኝ የገፋሁት ሁሉ እዚያ ነው የሄደው?

ፈዛዛው፦ ገመዱን የሰካሁት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ልነግርህ ነበር።

ሊቁ፦ ቆይ ቆይ። ታዲያ የአንተን ወደ ቀኝ ግፋው ስትለኝ... እያወቅክ ነው?

ፈዛዛው፦ በአፌ መናገር አልችልም አላልኩህም?

ሊቁ፦ አንተን ነው ፈዛዛው ያልኩት! ምላሴ በተቆረጠ! [ድንገት ትዝ ይለዋል።] ንገረው ያለችህስ ምንድነው?

ፈዛዛው፦ ስትወጣ ገንዘብ ያዧና ጸሐፊዋ ከወንበራቸው ሲነሱ አይታለች። አስበው ጨርሰዋል መሰለኝ።

[ከበሩ ማዶ የሁለት ሰው እርምጃ እየቀረበ ይሰማል። እርምጃው እኩል ነው።]

ሊቁ፦ አብረው ነው የሚመጡት?!

ፈዛዛው፦ ሁለቱን ጎን ለጎን ላድርግ ብለህ ስትታገል አልነበር? ይኸው፣ ጎን ለጎን ሆነውልሃል።

[በሩ ይንኳኳል። ሊቁ ዘሎ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ቁም ሣጥኑን በርግዶ ይከፍታል፣ የማይክራፎን ማቆሚያዎቹ ተግተልትለው እላዩ ላይ ይወርዳሉ።]

ፈዛዛው፦ [የስልኩን እጀታ በመዳፉ ሸፍኖ፣ በእርጋታ] በግራ ነው፣ ወንድሜ። እዚህ መውጫው በግራ ነው።