የግፊት መቆጣጠሪያው ምረቃ

የሰው ልጅ እሳት ከለኮሰበት፣ መንኮራኩር ካንከባለለበት ዘመን ወዲህ በሥልጣኔ ጎዳና ላይ የተራመደው ታላቅ እርምጃ የትኛው ነው ቢባል፣ አንድ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የእስክሪብቶ ሞላን ከአማቱ የደም ግፊት መለኪያ ጋር ያገናኘበት ቅዳሜ ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው ጥርጣሬውን በመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ሰሚ ክፍል በኩል ማቅረብ ይችላል። ክፍሉ ለጊዜው ተዘግቷል።

ኃላፊው ጨዋ፣ ታታሪ፣ አንደበቱ የለዘበ ሰው ነበር። ሥራው ከየክፍሉ የሚመጣውን መጥፎ ወሬ ተቀብሎ፣ አጥቦና ተኩሶ፣ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ማቅረብ ነው። የመጋዘኑ ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር «መጋዘናችን ቀጥተኛ የውኃ አቅርቦት አገኘ» ብሎ የጻፈው እሱ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ተበላሽቶ ሠራተኛው ግቢ ውስጥ ሲጮህ፣ ሥራ አስኪያጁ መስኮቱን ከፈት አድርገው «ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?» ቢሉት፣ «የመዝሙር ክበቡ ልምምድ ላይ ነው፣ ክቡርነትዎ» ብሎ መስኮቱን በቀስታ የዘጋውም እሱ ነው። ሠራተኛው በሌለበት «አለሳልስ» ይለዋል። ያውቃል። እንደ ማዕረግ ቆጥሮታል።

አንድ ነገር ብቻ ሆዱን ይበላው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ስኬት ሲጽፍ፣ የራሱ ስም በመሥሪያ ቤቱ መጽሔት ላይ አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ ሲያስነጥሱ እንኳ ከነፎቶግራፉ ይወጣል። እሱ ግን ፎቶውን ያነሳል እንጂ ፎቶው ውስጥ የለም።

ታዲያ አንድ ጠዋት ታሪክ በሩን አንኳኳች። ሥራ አስኪያጁ በትልቁ ባለ ቱርቦ መኪናቸው ከመሥሪያ ቤቱ በላይ ያለውን ዳገት እየወጡ ሳለ፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ቀደማቸው። ቀድሞም ዝም ብሎ አልሄደም፤ ክላክስ አደረገ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲደርሱ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እኔ! በአሸዋ ልቀደም?»

«ቅድሚያ ሰጥተውት ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ አለሳልስ።

«አልሰጠሁትም! ወሰደው እንጂ!»

የዚያን ዕለት አለሳልስ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲነካካ፣ ቱርቦ የሚባለውን ነገር ጓዳ ጎድጓዳውን የሚያስረዳ ሰው አገኘ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ዝም ብሎ አይወጣም፤ አንዲት ትንሽ ባለ ክንፍ ፉሪት እያሽከረከረ ነው የሚወጣው። ፉሪቷም አየር ጠቅጥቃ ወደ ሞተሩ ትመልሳለች፤ መኪናው ጉልበት ያገኛል። አየሩ ከልክ በላይ ሲሆን ደግሞ ሞተሩ እንዳይጎዳ አንዲት በር ተከፍታ ጭሱን በሌላ መንገድ ትሸኘዋለች። በሯ ይህን የምታውቀው ወሬው በቀጭን የጎማ ቱቦ ሲደርሳት ነው። እና፣ አለ ሰውዬው፣ እቤት በተሠራ አንድ ቀላል መቆጣጠሪያ ቱቦውን መሐሉ ላይ ብንይዘው፣ ወሬው ለበሯ ዘግይቶና አንሶ ይደርሳታል። እሷ «ኧረ ገና ነው» ብላ ስትቀመጥ፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ መኪናው ይበራል።

አለሳልስ ስልኩን ደረቱ ላይ አስጠጋ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ፣ ኬክ እያስዋበች። በሠፈሩ የታወቀች ኬክ ጋጋሪ ናት።

«ይሄማ የእኔ ሥራ ነው» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ይሄንን ነው!»

በማግስቱ የምርምርና ልማት ሥራው በይፋ ተጀመረ። ለመቆጣጠሪያው አካል የቧንቧ መገጣጠሚያ ነሐስ ተገኘ። መሐሉ ላይ ቀዳዳውን የምትደፍነው የብረት ኳስ ከአንድ አሮጌ የቢሮ ወንበር እግር ተፈልቅቃ ወጣች፤ ወንበሩ የሒሳብ ሹሟ ሲሆን፣ እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ግራ ዘንበል ብላ ትሠራለች። የቀረው ኳሷን የሚጫን ሞላ ነበር። የእስክሪብቶ ሞላ ይሆናል፤ ግን የየትኛው እስክሪብቶ? አንዱ ይለሰልሳል፣ አንዱ ይጠነክራል። ሳይንስ ትዕግሥት ይጠይቃልና፣ አለሳልስ በየቢሮው እየዞረ «አንዴ እስክሪብቶ» ሲል ሰነበተ። በመሥሪያ ቤቱ ቀጭ የሚል እስክሪብቶ ጠፋ። ሠራተኛው ባዶውን ቀፎ እየጫነ ዝም ሲልበት ግራ ገባው።

የግፊት መለኪያ ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። አማቱ ግፊት አለባቸው። ክንድ ላይ የሚጠመጠም፣ መርፌ ያለው መለኪያቸው ሁልጊዜ ከአልጋቸው ራስጌ አይጠፋም።

«ልጄ፣ እኔ ግፊቴን በምን ልለካ?» አሉት ሲወስድባቸው።

«እማማ፣ የእርስዎ ግፊት የግል ነው። ይሄኛው የሕዝብ ነው።»

አማቱ ነገሩ ረቀቀባቸው፤ ሲረቅባቸው ደግሞ ደስ ይላቸዋል። «በል እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ዕለት፣ ሚስቱ ኬክ በምታደርስበት ባለ ቱርቦ መኪና ላይ መቆጣጠሪያው ተገጠመ። ከኮፈኑ ሥር የወጣው የመለኪያ ቱቦ በመስኮት ገብቶ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት አማቱ እጅ ላይ አረፈ። ሚስቱ ከኋላ ለሠርግ የታዘዘውን ባለ ሦስት ደርብ ኬክ አቅፋለች።

«ቀስ ብለህ ንዳ፤ ክሬሙ ገና አልረጋም።»

«ሳይንስ ቀስ አይልም» አለና ረገጠው።

መኪናው መጀመሪያ አንድ አፍታ አሰበ። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ተነሳ፤ ፉጨቱ ወፈረ፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ወንበራቸው ላይ ተለጠፉ። ዳገቱ ዳገት መሆኑን ረሳ። ዛፎቹ፣ ሱቆቹ፣ የቆሙት ሰዎች እየተጎተቱ ወደ ኋላ ሄዱ።

«ስንት ይላል፣ እማማ?»

«እየወጣ ነው! እየወጣ ነው!»

«አሁንስ?»

«ቆመ!»

«የት ላይ?»

«ቁጥሩ አልቋል፣ ልጄ! ወዴት ይሂድ?»

«ተረጋጋ ማለት ነው!» ብሎ ጮኸ አለሳልስ፣ በደስታ ድምፁ ተሰነጣጥቆ። አማቱ እጃቸውን እያርገበገቡ ይስቃሉ። ሚስቱ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከአፏ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ከጋብቻቸው ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። ልቡ ከመኪናው ቀድሞ የዳገቱ አናት ላይ ደረሰ።

አናቱ ላይ ግን ጉብታ ነበር።

መኪናው ተነስቶ ሲያርፍ፣ ባለ ሦስት ደርቡ ኬክ በመዋሐድ አንድ ደርብ ሆኗል። የኬኩ አናት ላይ የነበረችው የስኳር ሙሽሪት በሚስቱ ጸጉር ውስጥ ተሰክታለች፤ ሙሽራው አልተገኘም።

«አንዴ እንድገመው» አሉ አማቱ።

«አንተ!» አለች ሚስቱ፣ ክሬም ከዓይኗ እየጠረገች። «ይሄን ነገርህን ከመኪናዬ ላይ ካላነሳህ፣ አንተንም አብሬ ነው የማነሳህ!»

የመኖሪያ ቤት ሙከራው በዚህ መልክ በስኬት ስለተጠናቀቀ፣ ፕሮጀክቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተሸጋገረ። ሥራ አስኪያጁ ወሬውን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ገልባጭ ይቀድማል?»

«ገልባጭ ትዝ አይልዎትም፣ ክቡርነትዎ።»

የሥራ አስኪያጁ ሾፌር ግን መቆጣጠሪያው መኪናው ላይ ሲገጠም ፊቱን አጨማደደ። «ጋሼ፣ ይቺ በር ካልሰማች እኮ ሞተሩ ይሄዳል» አለ።

«ወዴት?»

«ወደማይመለስበት ነዋ!»

አለሳልስ ይህን ሙያዊ አስተያየት ይዞ ወደ ላይ ወጣ።

«ሾፌሩ ምን አለ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«‹ሞተሩ ይሄዳል› ነው ያለው፣ ክቡርነትዎ።»

«ጎሽ!»

የምረቃው ዕለት ኮፈኑ ላይ ሪባን ታሰረ። ሠራተኛው ከዳገቱ ወገብ ላይ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ፣ «መኪናው በሚያልፍበት ጊዜ ሞቅ ያለ ጭብጨባ እንዲደረግ» የሚል ጥብቅ ትእዛዝ ተሰጠው። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረጉ። «ወደ ኋላ የማንመለስበት ምዕራፍ ላይ ደርሰናል» አሉ። ሪባኑን ቆረጡ፤ ገቡ። አለሳልስ የአማቱን መለኪያ ታቅፎ ከኋላ ተቀመጠ። ፎቶግራፉን የሚያነሳው ዛሬ ሌላ ሰው ነው፤ ክራቫቱን አስተካከለ።

መኪናው እያፏጨ ወጣ። ሠራተኛው አጨበጨበ። መርፌው ገና ዳገቱ ሳያልቅ መጨረሻው ቁጥር ላይ ደርሶ ተጣበቀ።

«ግፊቱ እንዴት ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ ዞር ሳይሉ።

«እጅግ የተረጋጋ ነው። ንቅንቅ አይልም።»

«የሚሸት ነገር አለ።»

«አዲስነት ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«ጋሼ፣ ሞተሩ እየጋለ ነው» አለ ሾፌሩ።

«ምን አለ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ሞተሩ ተሟሙቋል ነው የሚለው።»

ቀጥሎ የተሰማው ድምፅ በመሥሪያ ቤቱ የቃላት አጠቃቀም መመሪያ ውስጥ ስሙ የለም። ነጭ ጭስ ኮፈኑን አለበሰው። ፉጨቱ ቆመ፤ ሞተሩ ቆመ፤ መኪናው ቆመ። ከዚያ መኪናው፣ በጣም በጨዋነት፣ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ሾፌሩ ፍሬኑን ቢረግጥ ደንድኖ ድንጋይ ሆኗል።

«ወዴት እየሄድን ነው?» ሲሉ ጮኹ ሥራ አስኪያጁ።

«እየተመለስን ነው፣ ክቡርነትዎ!»

ሠራተኛው መኪናው በጭስ ተጠቅልሎ፣ ቂጡን አስቀድሞ ሲምዘገዘግ አየ። ተያየ። ትእዛዙ «በሚያልፍበት ጊዜ» ይላል እንጂ በየት በኩል አይልም። ሞቅ አድርጎ አጨበጨበ። ሾፌሩ መሪውን ጠምዝዞ፣ መኪናውን ከዳገቱ ሥር ካለ የአሸዋ ክምር ውስጥ ቀብሮ አቆመው።

የመጽሔቱ ቀጣይ እትም በፊት ገጹ እንዲህ አለ፦ «በመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ የተፈለሰፈው መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ተሽከርካሪ፣ የመልስ ጉዞውን አንዲት ጠብታ ነዳጅ ሳይጠቀም፣ በአስገራሚ ፍጥነትና በሠራተኛው ጭብጨባ ታጅቦ አጠናቀቀ።» ከዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። የአለሳልስ ስምም ከነፎቶው ወጥቷል። ለሚስቱ ቆሞ አነበበላት።

«ወደ ኋላ መሆኑን አልጻፍክም እንዴ?»

«አቅጣጫ ዝርዝር ጉዳይ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ከበላይ መሥሪያ ቤት ልዑካን መጡ። መሪያቸው ባለ መነጽር፣ ፈገግታ የማይለያቸው ትልቅ ባለሥልጣን ሴት ነበሩ። ሠራተኛው በአዳራሹ ተሰበሰበ።

«መጽሔታችሁን አንብበን ኮራን» አሉ። «ያለ ነዳጅ መሄድ! ስለዚህ የእናንተ የነዳጅ ድርሻ ለሌሎች፣ ገና ላልሠለጠኑ መሥሪያ ቤቶች እንዲከፋፈል ወስነናል። ከእንግዲህ አያስፈልጋችሁም!»

ሠራተኛው አጨበጨበ። ቀድሞ ያጨበጨበው ነገሩ ሲገባው ፊቱን ወደ አለሳልስ አዞረ።

«በተረፈ» አሉ ሴትዮዋ፣ «ከመሄዳችን በፊት የእኛም መኪና ላይ ይገጠምልን። ይሄን ዳገታችሁን ሞክረነው እንሂድ።»

አለሳልስ በመስኮት አየ። የልዑካኑ መኪና አዲስ ነበር፤ ሾፌሩ መስታወቱን እንደ ልጅ ፊት ያብሰዋል። በውስጡ አንዲት በር፣ ከዓመታት በኋላ፣ ተከፈተች።

«ክብርት ሆይ፣ አይሆንም» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ይሄ ነገር ሞተር ይገድላል። የሥራ አስኪያጁ መኪና ተቃጥሏል። ያለ ነዳጅ የሄደው ወደ ኋላ ተንከባሎ ነው። አለሳልሼ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አያችሁ?» አሉ ወደ ልዑካኑ ዞረው። «እንዲህ ያለ ትሕትና! የፈለሰፈውን ሰው እኮ ነው የምታዩት፤ ራሱን እንዴት ዝቅ እንደሚያደርግ!»

«ትሕትና አይደለም! ይኸው፣ የእስክሪብቶ ሞላ ነው!» ብሎ ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው።

«ወጪ ቆጣቢም ነው!»

«ሰዎች፣ እውነቴን ነው!»

«ኧረ ይበቃል፣ አታሳፍረን» አሉና ሴትዮዋ አቀፉት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሥራ አስኪያጁም በጆሮው «ግጠምላቸው» አሉት።

ገጠመላቸው። ልዑካኑ ገቡ፤ በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡ። ሠራተኛው በፍጥነት ወጥቶ ለጭብጨባ እንዲሰለፍ ታዘዘ። ልምድ ያካበተ ሠራተኛ ነውና፣ ዳገቱን ትቶ፣ በዝምታ ከታች ተሰለፈ።