የእማማ ዘይነባ አበባ ለምን ከሳች

የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ጠበልም ዱዓም አይፈውሰውም። «አላውቅም» ማለት ያቅተዋል። ያልተማረው «እኔ ምን አውቄ» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ ሲገባ፣ የተማረው መነጽሩን ያስተካክልና ማብራራት ይጀምራል። እኔ መነጽር ስለሌለኝ አንገቴን እደፋለሁ። አንገቷን የደፋች ሴት አዋቂ ትመስላለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን አፍራ ነው።

ይህን ምስጢር ከሦስት ዓመት በላይ ይዤዋለሁ። አሁን የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስላችሁ። እማማ ዘይነባ ጋዜጣ የሚገልጡት የተጠቀለለበትን ሚጥሚጣ ሊያወጡ ብቻ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

እማማ ዘይነባ እዚህ መካነ ሰላም በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው ሰዓዳ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ለእረፍት ስትመጣ፣ ሌላው ብርድ ልብስና ቴርሞስ ተሸክሞ በሚገባበት አገር፣ እሷ ኦርኪድ ይዛ መጣች፤ ውስጡ በሚያሳይ ፕላስቲክ የተተከለች፣ አበባዋ ሐምራዊ ቢራቢሮ የመሰለ። «እማ፣ ስናፍቅሽ እሷን እያት» ብላ ተመልሳ ሄደች።

እንዲህ ያለ ነገር ለእናት አይነገርም። እማማ ዘይነባ ቃሏን እንደ ውል ያዙት። አበባዋ ከደመቀች ሰዓዳ ደህና ናት፤ ቅጠሏ ጎንበስ ካለ አሠሪዋ ተቆጥታታለች።

ከዚያ አበቦቹ ረገፉ። ኦርኪድ ወራት አብቦ ማርገፉ ያለ ነው፤ ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ በሰፈሩ አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ። ክፋቱ፣ በዚያው ሳምንት የሰዓዳ ስልክ ዝም አለ። እማማ ዘይነባ እህል አልወርድ አላቸው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሐሙስ ዱዓ ተደረገ፤ ለሰዓዳ ተጀምሮ በአበባዋ ተጠናቀቀ። በማግስቱ ተክሏን በነጠላቸው ሸፍነው እኔ ቤት ገቡ።

«ቲቸር፣ አንቺ ባዮሎጂ አይደል የምታስተምሪው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«በይ እንግዲህ። ወላሂ፣ እሷ ከሞተች ልጄም...»

ኦርኪድ በዓይኔ ያየሁት እሳቸው ቤት ነው ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ደፋሁ። «አብሽሩ፣ አድናታለሁ» አልኩ።

ብቻዬን ስቀር አየኋት። ግማሽ ሥሯ ውጭ ተንጠልጥሏል። እኛ ዘንድ ሥሩ የወጣ ተክል ገመናው እንደወጣ ቤተሰብ ነው፤ ቶሎ ይሸፈናል። ከጓሮ ጥቁር አፈር አመጣሁ፤ የበግ ፍግ ቀላቀልኩ፤ እስከ አንገቷ ቀበርኳት፤ ጠዋትና ማታ አጠጣኋት። ድንችን ያጠገበ እሷን ምን ሊያደርጋት? በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ። ሳብ ሳደርጋት ሥሯ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት እጄ ላይ ቀረ። ሸተተች። ባዮሎጂዬም አብራ ሸተተች።

አሮጌው የአበባ ዘንግ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ነገር በቅላ ነበር፤ ሁለት ቅጠልና የክር ያህል ሥር ያላት። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ባንዲራው ሥር ብቻ ነው። እዚያ ቆሜ፣ ተማሪ ባለፈ ቁጥር ስልኬን እየደበቅሁ አነበብኩ። ኦርኪድ አፈር አይፈልግም፤ በትውልድ ቦታው ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ሥሩን ለነፋስ ሰጥቶ ይኖራል። ዘንጉ ላይ የበቀለችው ግልገሉ ናት፤ ሥሯ ጣት እስኪያህል እናቷ ላይ ቆይታ ነው የምትለየው። የእኔዋ ግን እናት አልነበራትም። እናቷን ቀብሬያታለሁ፤ ያውም በሕይወት ሳለች።

ከነዘንጓ ቆረጥኳት። የተበሳ ገል ላይ ከሰል ሰባብሬ፣ የጽድ ቅርፊት ጨምሬ አስቀመጥኳት። ብርዳችንን ታውቃላችሁ፤ የውሃ ፕላስቲክ ለሁለት ቆርጬ እንደ ቆብ ደፋሁላት። ልብስ ስተኩስ በምረጭበት ጠርሙስ ጠዋት ጠዋት ሥሯን ብቻ አረጥባለሁ፤ ውሃው እንዲንጠባጠብ እጠብቃለሁ፤ የጠዋት ፀሐይ አሳያትና ከቀትሩ እሸሽጋታለሁ። ለሰው ልጅ እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም።

እማማ ዘይነባ በየቀኑ አጥሩ ላይ ናቸው።

«ትጠየቃለች?»

«ሕክምና ላይ ናት፤ ሰው አይገባባትም።»

የሆስፒታል ሕግ ስለመሰላቸው አከበሩት። አብሽ መትተው ላኩላት። እኔ ጠጣሁት።

በሁለተኛው ወር ሰዓዳ ደወለች፤ ደህና ናት። እማማ ዘይነባ በደስታ በሬን ሳያንኳኩ ገቡ፤ ግልገሏን መስኮቱ ላይ አዩዋት። 

«ኧረ በአሏህ! ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው?»

«መድኃኒቱ ነው፣ እማማ።»

ጎንበስ ብለው መረመሯት። «ይሁን። ሰዓዳም አረብ አገር እንደገባች እንዲህ ከስታ ነበር። ዋናው ነፍስ ነው።»

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። የእኔ አረም እዚያው መስኮቴ ላይ ሦስት ዓመት ፈጅቶ ዘንድሮ አበበ፤ ሐምራዊ፣ ቁርጥ እናቱን። ልክ በዚያው ሰሞን ሰዓዳ ለእረፍት መጣች። አበባዋን አገላብጣ አየችና እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«ቲቸር፣ ይቺ እኔ ያመጣኋት አይደለችም።»

ሁሉን ነገርኳት፤ አፈሩን፣ ፍጉን፣ አብሹን። መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች።

«እኔ እኮ ያን ጊዜ ምንም አልሆንኩም! ከጓደኞቼ ጋር አይስክሬም ስንበላ ስልኬ ባሕር ገባ፤ ቁጥራችሁም አብሮ ሰመጠ። እንደዚያ ወር ተደስቼ አላውቅም።»

«ለእማማ ልንገራቸው?»

ሳቋ ቆመ። «ስለ አይስክሬሙ ነው ስለ ፍጉ? ተይ፣ እህቴ። እኔም አልነገርኩሽ፣ አንቺም አልነገርሽኝ።»

አሁን ዘንጉ ላይ ሌላ ግልገል ወጥታለች፤ እማማ ዘይነባም ቲቸር የሞተ ታስነሳለች ብለው ከተማውን አዳርሰዋል። ትናንት እትዬ ወርቄ የሚባሉ ሴት ይዘው መጡ፤ የእሳቸውም ልጅ አረብ አገር፣ ቤሩት ናት፤ ግልገሏን ፈልገው ነው። ሥሯ ጣት አክላለች፤ ቆርጬ ሌላ ገል ላይ አስቀምጬ ሰጠኋቸው።

«አፈር እንዳያለብሷት። ፍግ አይሆንም። ሥሯ ቢታይም ነውር የለውም።»

«ብትሞትብኝስ፣ ልጄ?» አሉ እትዬ ወርቄ።

እማማ ዘይነባ በሩ ላይ በኩራት ቆመዋል። አንገቴን ደፋሁና በእትዬ ወርቄ ጆሮ አንሾካሾክሁ፦

«ለማንም ሳይናገሩ እኔ ዘንድ ያምጧት። ሕክምና ትገባለች። ትንሽ ከስታ ትወጣለች።»