ስለ ቃታ የለሹ ሽጉጥና ስለ ጓድ አስናቀ ግራ እጅ

ቀን፦ ሐምሌ 11 ቀን 1971 ዓ.ም.
ቦታ፦ ባሕር ዳር፣ የሐይቅ ዳር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ በማያፈስበት ጥግ

የተገኙ፦
ጓድ አምሐ፣ ሊቀመንበር
ጓድ አለበል፣ የአብዮት ጥበቃ አዛዥ
ጓድ ሸዋዬ፣ የሴቶች ተጠሪ
ጓድ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ የሽማግሌዎች ተጠሪ
መርስዔ ኀዘን፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌለው

ያልተገኙ፦ ጓድ ገብረ መስቀል ለልቅሶ ደቅ ደሴት ሄደው በማዕበል ምክንያት ታንኳ አጥተው ቀርተዋል። ስለ ሰባተኛው አባል እንዳይነሣ ስለተባለ አልተነሣም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ አራት ተገኘ። ጓድ አስናቀ የኮሚቴው አባል በመሆኑና በጎን ባለው ክፍል ታስሮ ስለሚገኝ፣ “ግቢው ውስጥ እስካለ ድረስ ተገኝቷል” ተብሎ አምስተኛ ሆኖ ተቆጠረ። ተከሳሹ ራሱ መሆኑን ባስታውስ፣ ድምፅ እንደሌለኝ ተነገረኝ።

አጀንዳ 1፦ ስለ አዲሱ ሽጉጥ አሠራር አስተያየት ስለ መስጠት

ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ለቀበሌው ከበላይ አካል በስጦታ የመጣ መሆኑን አስታወሱ። ሽጉጡ ክብ ነው፤ ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ አይበልጥም። ቃታም እጀታም የለውም። መዳፍ ውስጥ ይቀመጥና አፈ ሙዙ በሁለት ጣቶች መካከል ይወጣል፤ እጅ ሲጨበጥ ይተኩሳል። ሌላ ዘዴ የለውም።

ባለፈው እሑድ እዚሁ በተደረገው የሕዝብ ስብሰባ ላይ ጥበቃ የነበረው ጓድ አስናቀ ነው። የአገራችን ሰው ዱላውን ከቀኝ እጁ አያወርድምና ሽጉጡን በግራው ያዘ። መፈክር ሲባል እንደ ሁላችንም ግራ እጁን ጨብጦ አነሣ። ጣሪያው ተበሳ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዝናቡም አስናቀም እዚሁ ቀበሌ ውስጥ ናቸው።

ጓድ አለበል የሽጉጡን ጥሩ ጎን ሲያስረዱ፣ ቀላል ነው፣ ጋቢ ስር አያስታውቅም፣ ታንኳ ላይም አያስቸግርም አሉ። መጥፎ ጎኑ ግን ይኸው አለማስታወቁ መሆኑን ጨመሩ፦ “ምንሽር ጠመንጃ ሳነግት ሌባው ገና ከሩቅ ይሮጣል። ይኸን ይዤ ፋሲሎ ሰፈር ላይ አንዱን ሰካራም ‘ቁም!’ ብለው፣ ሰላም ያልሁት መስሎት እጄን ጨበጠኝ። ጥይት ስላልነበረው እንጂ ሁለታችንም አልቀን ነበር።”

ጓድ ሸዋዬ ለሴት እጅ የሚመጥን መሆኑን ደግፈው፣ ሰው ሲናደድ እጁን መጨበጡ እንዴት እንደታሰበ ጠየቁ። “እኔ ባሌ ከጠጅ ቤት ሲገባ መጨበጤ አይቀርም። ታዲያ ስንት ባል ሊተርፍ ነው?” ብለዋል። ሊቀመንበሩ ጥያቄው የግል ነው ብለው አለፉት።

ጓድ መሪጌታ፣ ማነጣጠሪያ የሌለው መሣሪያ ዓይነ ስውር ነው ካሉ በኋላ፣ በጸሎት ጊዜ እጅ ይዘረጋል እንጂ አይጨበጥም፣ ስለዚህ ይህ ሽጉጥ የሚስማማው ለጸሎት እንጂ ለመፈክር አይደለም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ንግግር ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ታዘዘ። በኋላ እሰርዘዋለሁ።

ሊቀመንበሩ ቁጣ ቁጣ ብሏቸው ነገሩን አፍረጠረጡት። ሽጉጡ ጉድለት አለው ከተባለ ስጦታውን የሰጠው የበላይ አካል ተሳስቷል ማለት ነው፤ ማን ይፈርማል? ማንም አልፈረመም። ጉድለት ከሌለው ደግሞ አስናቀ ሆን ብሎ ተኩሷል ማለት ነው፤ ጠዋት ወደ በላይ አካል ይላካል። ከዚያ ተልኮ የተመለሰ ሰው እኔ አላየሁም። አስናቀ ጎረቤቴ ነው።

ከረዥም ውይይት በኋላ ሽጉጡ እንከን የለውም ተብሎ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጓድ አስናቀ

አጭር ውይይት ተደርጎ ጠዋት እንዲላክ ተወሰነ። ማንም የማንንም ዓይን አላየም። መሪጌታ ድምፅ ሲሰጡ እጃቸውን እስከ አንገታቸው እንኳ አላነሡም፤ ሊቀመንበሩ ግን ቆጠሩት።

በዚህ ጊዜ በር ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው የአስናቀ ሚስት እናትዓለም ሳይፈቀድላት ገባች። ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ነበር። ሥርዓት እንድትይዝ ተነገራት፤ አልያዘችም።

“ጋሼ አምሐ፣ እርስዎን ያህል ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? ሽጉጡ ደኅና ነው ካሉ፣ እስቲ እርስዎ በግራ እጅዎ ይያዙትና መፈክሩን ይበሉልኝ! ካልተኮሰ ባሌን ይውሰዱት፣ ትንፍሽ አልልም።”

ሊቀመንበሩ ንቃት ባለው ሰው እጅ ያለ ሽጉጥ ሳይታዘዝ እንደማይተኩስ አስረዱ። እሷም “እንግዲያው ምን ያስፈራዎታል?” አለች። ጓድ ሸዋዬ ሣቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ጓድ አለበል ጥይቱ ይውጣ ቢሉ፣ ሊቀመንበሩ ይህ በስጦታው አለማመን ነው ብለው እንደ ጎረሰ አነሡት። መሪጌታ ወደ ጠረጴዛው ስር ቀደም ብለው ወርደው ነበር።

ሊቀመንበሩ ተነሡ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መፈክሩን አሰሙ፤ ግራ እጃቸውንም አነሡ።

ጣሪያው በሁለተኛ ቦታ ተበሳ።

የሊቀመንበሩ እጅ እንደ ተጨበጠ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ጓድ አለበል “ጓድ፣ እባክዎ እንዳይደግሙት” እያሉ ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈቱት። እናትዓለም “እና አሁን ጠዋት የሚላከው ማን ነው?” ብላ ጠየቀች።

ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ቢሆንም አልታለፈም።

አጀንዳ 3፦ ስለ ጣሪያውና ስለ ቀሪው ሁሉ

እጅግ ረዥም ውይይት ተደርጎ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦

በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ጣሪያውን የበሳው በረዶ ነው፤ ሁለቱንም ቦታ። ለቀበሌው ሽጉጥ አልተሰጠም፤ ስለዚህ ማንም ሳይጨብጠው ዛሬውኑ ሐይቅ ይግባ። የተተኮሰ ጥይት ስለሌለ የተከሰሰ ሰው የለም፤ ጓድ አስናቀም ታስሮ አያውቅም። ያልታሰረ ሰው መፍቻ ትእዛዝ ስለማያስፈልገው በሩ ብቻ ይከፈት።

በሩ ተከፈተ። አስናቀ ወጣ፤ ከስቷል፤ በሁለት እጁ ሱሪውን ይዟል። ሲታሰር የተወሰደበት ቀበቶ እንዲመለስለት ጠየቀ። ጓድ አለበል ካልታሰረ ሰው የተቀበሉት ቀበቶ እንደሌለ ገለጡለት። አስናቀ ሊቀመንበሩን አየ፤ ሊቀመንበሩ ጣሪያውን አዩ።

እናትዓለም መቀነቷን ፈታች፤ እጁን ገለል አድርጋ የባሏን ወገብ ዙሪያውን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ከዚያ ክንዱን እንደ ያዘችው ወደ ዝናቡ ወጡ።

ኮሚቴው ይህን አላየም ተብሎ እንዲመዘገብ ተወስኖ፣ ስብሰባው ከምሽቱ 12፡30 ላይ እንዳልተካሄደ ተቆጥሮ ተበተነ። እኔ ግን አይቻለሁ።

መርስዔ ኀዘን፣ ድምፅ የሌለው ጸሐፊ