«የጣሊያን ነው» የሚሉት ኦቦ ደቻሳ

ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው የሌለበት ከተማ በኢትዮጵያ ምድር የለም። መብራት ያልገባለት ከተማ አለ፤ ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣለት አለ፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ያልደረሰው ግን የለም። ለእኛ ለአምቦዎች የደረሱን ኦቦ ደቻሳ ናቸው። ክቡርነታቸው ከመንገድ ሥራ በጡረታ ከወጡ ወዲህ ዋና ተግባራቸው የአሮጌ ዕቃ ዕድሜ መናገር ሆኗል።

ፍርዳቸው ደግሞ አንድ ነው። ድልድይ ቢያዩ «የጣሊያን ነው»። የወፍጮ ሞተር ቢያዩ «የጣሊያን ነው»። ጊንጪ ገበያ አንዲት ሴትዮ ልትሸጠው ያወጣችውን የከሰል ካውያ አይተው፣ «የጣሊያን ነው፤ በሃያ ስምንት የገባ» ብለው አለፉ። ካውያው ላይ በትልቁ «ሜድ ኢን ቻይና» ተቀርጿል። ይህንኑ ብነግራቸው «እሱ በኋላ የተጻፈ ነው» አሉኝ።

ይባስ ብለው አንድ ቀን ቤቴ መጥተው በሬን «የጣሊያን ነው» አሉት። አባቴ በደርግ ጊዜ በገዛ እጁ የሠራውን በር! «ኦቦ ደቻሳ፣ ሚስማሩን እያቀበልኩ ያሠራሁት እኔ ነኝ እኮ!» ብላቸው፣ «ልጅ ነበርክ፣ አታስታውስም» አሉኝ። በገዛ ቤቴ! የገዛ በሬን!

ይህን ሁሉ ሲፈርዱ ታዲያ ብድግ ብለው ዕቃውን አያዩም፤ አይነኩም። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ አገጫቸውን ወደ ዕቃው ቀስረው ነው የሚፈርዱት። እኔን ብግን የሚያደርገኝ እሱ ነው። ቢሆንም እስቅ ነበር። ባለፈው ዓመት የፌቨን ሽምግልና መጣና መሳቄን ተውኩ።

ፌቨን የጎረቤቴ የወርቂቱ ልጅ ናት፤ ዓይናችን እያየ ያደገች ልጅ። የእጃጂው ቶኩማ ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌዎቹን ይዘው የመጡት አያቱ ኦቦ ባይሳ ነበሩ። የኦቦ ባይሳ አባት ጣሊያንን ሲዋጉ የወደቁ አርበኛ ናቸው፤ ይህንንም ሰላምታው ሳያልቅ ይነግሩሃል። በሴቷ ወገን ከተቀመጥነው ውስጥ አንዱ እኔ ነኝ፤ ከጎኔ ደግሞ፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ ኦቦ ደቻሳ።

በወርቂቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ የብረት ቆብ ተሰቅሏል። የአባቷ የአስር አለቃ ኤጄታ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ወታደር ነበሩ። ከእሳቸው የቀራት ዕቃ ያ ቆብ ብቻ ነው፤ ፎቶ እንኳ የላትም። በዓል በመጣ ቁጥር አውርዳ በዘይት ትወለውለዋለች።

ነገሩ በመልካም እየሄደ ነበር። ኦቦ ባይሳ ጨዋታ ለማምጣት ያህል ወደ ግድግዳው እያዩ «ያ ብረት የማን ነው?» አሉ። ወርቂቱ ፊቷ በራ። «የአባቴ ነው፤ እሱን አድርገው ነው የዘመቱት» አለች።

ይሄኔ ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ አገጫቸውን ቀሰሩ። «የጣሊያን ነው! በሃያ ስምንት የገባ!»



ኦቦ ባይሳ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ወርቂቱ፣ አባትሽ የጣሊያን ቆብ አድርገው ነው የዘመቱት?»

«ኧረ በማርያም! አባቴ የጃንሆይ ወታደር ነበሩ! በሃያ ስምንትማ የወተት ጥርሳቸው እንኳ አልወለቀም!»

«እንግዲያ የአባታቸው ነዋ።»

ባንዳ የሚለውን ቃል ማንም አልተነፈሰውም፤ መተንፈስም አላስፈለገ። የቀረበው ምግብ ሳይነካ «እንመካከርና እንመለሳለን» ብለው ወጡ። ይህ በእኛ አገር «አንመለስም» ማለት መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። በማግስቱ ቶኩማ እያለቀሰ ደወለ። አያቱ የባንዳ ዘር ቤቴ አይገባም ብለዋል።

ፌቨን ክፍሏን ዘግታ ተኛች። ወርቂቱ ደግሞ ቆቡን ከግድግዳው አወረደችና አልጋ ሥር ከተተችው። ይህን ሳይ ነው ደሜ የፈላው። ያቺ ሴት በበዓል በበዓሉ ስትወለውለው የኖረችውን አባቷን ነው አልጋ ሥር የከተተችው! ለምን? አንድ ሰውዬ ከወንበሩ መነሳት ስለከበደው!

በቀጥታ ኦቦ ደቻሳ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ መቼም ቆመው አላገኛቸውም።

«ማል ጎዴ? ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። «እኔ ስለ ቆቡ ተናገርኩ እንጂ ስለ ኤጄታ ምን ወጣኝ?»

«ይነሱ!»

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል?»

«ይነሱ ብያለሁ! አንድ ቀን እንኳ ዕቃ በእጅዎ ይዘው ይፍረዱ!»

በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው ክንድ ይዤ ስጎትት ያ የመጀመሪያዬ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ግን ዛሬም ቢሆን እጎትታቸዋለሁ።

ወርቂቱ ዓይኗ አብጦ ቆቡን ከአልጋ ሥር አወጣችላቸው። ተቀብለው ገለበጡት። ጣታቸውን በከንፈሩ ዙሪያ አዞሩ። ዝም አሉ። ኦቦ ደቻሳ ዝም ሲሉ ያየ ሰው በአምቦ ስለሌለ፣ አመማቸው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

«ቀዳዳ የለውም» አሉ።

«ምን?»

«የጣሊያኑ ሦስት ቦታ ይበሳል፤ የውስጡ ቆዳ የሚያዘው በዚያ ነው። መንገድ ሥራ እያለን አንዱን ሬንጅ እናቀልጥበት ነበር፤ አውቀዋለሁ። ይሄ አንድም ቀዳዳ የለው። ወርቂቱ፣ ገበሩስ?»

«የምን ገበር?»

«ይሄ ድርብ ነው። ከብረቱ ሥር ሌላ ቀለል ያለ ቆብ ነበረው፤ እሱ ነው ራስ ላይ የሚቀመጠው። አሜሪካኖች ለጃንሆይ ጦር የሰጡት እንዲህ ያለውን ነው። ጣሊያን ከወጣ ስንት ዓመቱ! ግን ባዶውን ብረት ይዘን ብንሄድ ማን ያምነናል? የውስጡ የት ሄደ?»

ወርቂቱ ስታስብ ቆየችና ደረቷን መታች። «ውይ! ዶሮዋ!»

ወደ ጓሮ ሮጠች፤ ተከተልናት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንዲት ቀይ ዶሮ ገለባ በሞላበት ጎድጓዳ ነገር ውስጥ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ወርቂቱ እናቷ ለዶሮ መታቀፊያ ብለው እንዳወጡት አሁን ገና ትዝ አላት። ኦቦ ደቻሳ ጎንበስ ብለው ዶሮዋን ሊያነሱ ሲሉ እጃቸውን ወጋቻቸው። ደግ አደረገች! እኔ ልሰነዝረው የፈለግሁትን እሷ ሰነዘረችልኝ። ደግመው ሲሞክሩ ደግማ ወጋቻቸው። በመጨረሻ እንቁላሎቹን ወደ ቅርጫት አዛውረን ገለባውን አራገፍነው። ከኩሱ ሥር አረንጓዴ ቀለም ወጣ። በውስጡ እርስ በርስ የተላለፈ የሸራ ማሰሪያ አለው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ቀጭን የቆዳ ጠፍር ቀርቶበታል። አጥበው ብረቱ ውስጥ ሲከቱት ልክክ ብሎ ገባ።

ወርቂቱ ቆቡን አቅፋ አለቀሰች። እኔም ዓይኔን ጢስ እንደገባው ሰው አሸሁ።

«ብነሳ ኖሮ አየው ነበር» አሉ ኦቦ ደቻሳ። ለእኔ አይደለም፤ ለራሳቸው ነው። አንጀቴን ሊበሉት ነበር፤ እንቢ አልኩ።

«አሁኑኑ ይደውሉላቸው» አልኳቸው።

«ሰው ፊት ያበላሸሁትን በስልክ አላስተካክልም። ነገ እጃጂ እንሄዳለን።»

እጃጂ ስንደርስ ቶኩማ መምጣታችንን ነግሯቸው ኖሮ ኦቦ ባይሳ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ይዘው ጠበቁን። ለኦቦ ደቻሳ ወንበር ሲቀርብላቸው አልቀመጥም አሉ። ቆመው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳልነሳ፣ ሳላይ ፈረድኩ። ኤጄታ የአገሩ ወታደር ነበር፤ ቤቱንም በከንቱ አዋረድኩት» አሉ። ቆቡን ፈታተው፣ ገበሩን አውጥተው፣ መልሰው ገጥመው አሳዩ።

ኦቦ ባይሳ አገላብጠው አዩት። አመኑ፤ መሸነፉ ግን ከበዳቸው። «እስቲ ከእውነተኛው ጋር እናስተያየው» ብለው ገቡና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ የብረት ቆብ ይዘው ወጡ። «ይኸው የጣሊያኑ! አባቴ ገድሎ ከራሱ ላይ የወሰደው!»

ኦቦ ደቻሳ ተቀብለው ገለበጡት። እኔ በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አያለሁ። በውስጠኛው ትራስ ላይ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ፊደሉ የሩሲያ፣ ሥሩ ደግሞ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1965 ይላል። ጣሊያን ተባርሮ ሃያ ምናምን ዓመት ካለፈ በኋላ! በደርግ ጊዜ ከሰሜን የተመለሰ አንድ ዘመድ ያመጣው ሳይሆን አይቀርም፤ ዓመቱ ሲገፋ የአባትየው ሆነ።

ያ ራቢ! ይሄን ሰቅሎ የሚኖር ሰው ነው የወርቂቱን አባት ባንዳ ያደረገው? ፌቨንን ያስለቀሰው? አፌን ከፈትኩ። ኦቦ ደቻሳ በዚያ በመንገድ ሥራ ቦት ጫማቸው እግሬን ረገጡኝ፤ አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ቆቡን በሁለት እጃቸው መለሱ። «አባትዎ ትልቅ ሰው ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር» አሉ።

ኦቦ ባይሳ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ወርቂቱን ራሴ መጥቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጆቹም ከፋሲካ በኋላ ይጋቡ» አሉ።

ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ሳንቀመጥ ጮህኩባቸው። «የሩሲያ ነው እኮ! አይተውታል!»

«ኤዬ፣ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«እርስዎን ማን ጠይቆዎት ያውቃል!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።  «የወርቂቱን አባት ከአልጋ ሥር አወጣን» አሉ ኦቦ ደቻሳ። «አሁን ደግሞ የባይሳን አባት እንክተት?»

እውነታቸውን መሆኑ ይብስ አናደደኝ። እግሬንም ያመኛል። እስከ አምቦ ድረስ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሄድኩ።

በሠርጉ ዕለት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ኦቦ ደቻሳ ስለ ጄኔሬተሩ ዕድሜ ሲያስረዱት ቆይተው ወደ ሌላው ረድፍ አለፉ። እንግዳው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ እየሳቀ፣ «ይሄ ሽማግሌ ጤና የለውም እንዴ?» አለኝ።

እኔ ዕድሜ ልኬን ከዚህ የባሰ ስላቸው የኖርኩት ሰውዬ፣ ብድግ ብዬ ኮሌታውን ያዝኩት።

«አንቱ በላቸው!»