የፖርት ሄይዝ ያልተጠየቀ አማካሪ

መርከብ የሚቆምበት ከተማ ሁሉ ሳይጠየቅ የሚመክር አንድ ሰው አለው። ይህን ሰው ማንም አልሾመውም፤ ደመወዝ የለውም፤ የዕረፍት ቀን የሚባል ነገርም አያውቅም። መርከቡ ገመዱን ሳይጥል እሱ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። ለአላስካዋ ትንሽ ወደብ ለፖርት ሄይዝ የደረሷት ክቡር አቶ አርቪድ ስቶርሃውግ ናቸው። አራት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ እሳቸውን ቀኑን ሙሉ የመስማት ዕጣ ደግሞ የወጣው ለሎሬታ ካባናስ ነው።

ሎሬታ ከተማው የቀጠራት የመንገደኞች መረጃ ሠራተኛ ናት። ኪዮስክ አላት፣ በላስቲክ የተለበጠ ካርታ አላት፣ በየጠዋቱ በጠመኔ የምትጽፍበት ሰሌዳ አላት፣ ደረቷ ላይም "መረጃ" የሚል ባጅ አለ። አቶ አርቪድ ያላቸው አንድ የተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ነው። ችግሩ የሣጥኑ ቦታ ነው፤ ከመርከቡ መሰላል የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሣጥኑን ነው፣ ኪዮስኩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ሦስት ሺህ መንገደኛ ሎሬታ ዘንድ የሚደርሰው ተመክሮ፣ ተገሥጾ፣ ጃንጥላውን አጥፎ ነው።

"እመቤት፣ ጃንጥላዎን ይዝጉት" ይላሉ አቶ አርቪድ። "እዚህ አገር ጃንጥላ የሚይዘው መንገደኛና ፓስተራችን ብቻ ነው። ፓስተሩም ገና መምጣቱ ነው፤ ይተወዋል።"

"እየዘነበ እኮ ነው!"

"ይሄ? ይሄ ዝናብ አይደለም። ዝናቡ ሲመጣ እነግርዎታለሁ።"

ሴትዮዋ ጃንጥላዋን ትዘጋለች፣ ትበሰብሳለች፣ ሎሬታ ዘንድ መጥታም "እውነት ይሄ ዝናብ አይደለም?" ብላ ትጠይቃለች። ሎሬታን የሚያበግናት ይህ ነው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ሥራዋ መረጃ መስጠት መሆኑ ቀርቶ የአቶ አርቪድ ምክር ይግባኝ ሰሚ ሆናለች።

አቶ አርቪድ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሃሊበት የሚባለውን ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን። ጀልባቸውን ከሸጡ አራት ዓመት ሆናቸው፤ አርባ ሁለት ዓመት የተጠራቀመው ምክር በሙሉ የሚወርደው ታዲያ አሁን ነው። ለአዲስ ሙሽሮች ካርታውን አንድ ሰው ብቻ እንዲይዝ ይመክራሉ፤ ሁለት ሰው አንድ ካርታ ከያዘ ትዳር እንደማይሰነብት በዓይናቸው አይተዋል። ወደ ጌጣጌጥ ሱቅ ያቀናውን ቤተሰብ መንገድ ላይ ያስቆማሉ። "ያ ሰውዬ ከመርከቡ ጋር መጥቶ ከመርከቡ ጋር የሚሄድ ነው። ክረምት ሲገባ መስኮቱ ላይ ጣውላ ይመታል። ይልቅ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፤ ቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት ሴቶቹ የዓሣ ሾርባ ይሸጣሉ። ሁለተኛ ሳህን ግን እንዳትጠይቁ፣ ሾርባውን የምትቀዳው ኢንጋ ትቆጣለች። ለእናንተ ብዬ ነው እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ!"

አንድ ጊዜ አንድ ጀርመናዊ ወደ ጫካው መንገድ ሊሄድ ሲል ያዙት።

"ድብ አለ። እየሄድክ አውራ፤ ድብ ድንገት ሰው ላይ መድረስ አይወድም። ስለ ምን እንደምታወራ ግድ የለውም፣ ዝም ብለህ አውራ።"

"እኔ ዝምተኛ ነኝ" አለ ጀርመናዊው።

"እንግዲያው እኔ እመጣለሁ" አሉ አቶ አርቪድ፤ አብረውት ሄዱና ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሃሊበት ማጥመጃ መንጠቆ አጫወቱት። ድብ የሚባል አላዩም። ጀርመናዊው ሲመለስ ግን ፊቱ ድብ ያየ ሰው ፊት ነበር።

የመርከቡን ካፒቴን ሳይቀር ይመክራሉ። ካፒቴኑ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አይሰማም። አለመስማቱ አቶ አርቪድን አግዷቸው አያውቅም። "ትንሽ ወደ ግራ ብትል ይሻልህ ነበር!" ብለው ይጮኹና ወደ ሎሬታ ዞረው "አይሰማም እኮ" ይላሉ፣ በሐዘኔታ።

በሚያዝያ መጨረሻ ሎሬታ በቃኝ አለች። ለወደቡ ኃላፊ ለዌንዴል ደብዳቤ ጻፈች፤ መርከብ በቆመበት ሰዓት አቶ አርቪድ ወደ ወደቡ መድረክ እንዳይደርሱ ይከልከሉልኝ የሚል ነው። ዌንዴል ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

"ከዚያ ካነሳነው የት ይሄዳል?"

"ቤቱ ይሂዳ!"

"ቤቱ ውስጥ የሚመከር ማን አለ?"

"ዌንዴል፣ እኔ ደመወዝ የምበላው ትክክለኛ መረጃ እንድሰጥ ነው። ሰውዬው ባለበት ግን እኔን የሚሰማ የለም።"

ዌንዴል ብዙ ካሰበ በኋላ ብይን ሰጠ። "የአንቺ ብቻ አይበቃኝም። አምስት መንገደኛ ቅሬታ ይጻፍበት፤ በዚያው ቀን እፈርማለሁ።"

ሎሬታ የቅሬታ ወረቀቶቹን ኪዮስኩ መስኮት ላይ፣ እስክሪብቶውን በክር አስራ አስቀመጠች። ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድም ሰው አልጻፈም። የበሰበሱት ሰዎች ከአቶ አርቪድ ጋር ፎቶ ይነሳሉ።

እዚህ ላይ ስለ ባሕሩ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ደግሞም ሊያውቁት የሚያስደስት ነገር ነው። በፖርት ሄይዝ ባሕሩ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ስድስት ሰዓት ያህል ይሸሻል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ይሞላል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል የሁለት ፎቅ ቤት ከፍታ ልዩነት አለ። ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ በወር ውስጥ ለጥቂት ቀናት ከሌላው ጊዜ ሁሉ አብልጦ ይሸሽና ከከተማው ፊት ለፊት ወዳለችው ማንቆርቆሪያ ደሴት የሚወስድ የአሸዋ መንገድ ብቅ ይላል። ውሃው መሸሹን ከሚያቆምበት ሰዓት በፊት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እግር ሳይረጥብ ተሻግሮ መመለስ ይቻላል። ከዚያ ያለፈ ሰው ደሴቷ ላይ ይቀራል፤ በመዋኘት እመለሳለሁ ካለም ያ በረዶ የመሰለ ውሃ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እጅና እግሩን ያስረዋል።

ሰዓቱን የሚናገረው የሙላት መጽሐፍ ነው። የከተማው የዕቃ መደብር በየዓመቱ አሳትሞ በነጻ ያድለዋል፤ በየቤቱ በምስማር ተንጠልጥሎ ይገኛል። ከተማው በበጋ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ መጽሐፉ ግን ገፍቶ አያውቅም። ስለዚህ የፖርት ሄይዝ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ይማራል፦ በበጋ መጽሐፉ ላይ አንድ ሰዓት ጨምር። ሎሬታ ይህን ከአባቷ የተማረችው ማንበብ ሳትችል ነው።

በግንቦት አጋማሽ፣ በወቅቱ የመጀመሪያው ትልቅ ጉድለት ቀን፣ ሎሬታ መጽሐፉን ገለጠች። ሰባት ሰዓት ይላል። አንድ ጨመረችና ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈች፦ ውሃው የሚያቆመው በስምንት ሰዓት፤ ደሴቷን ከስድስት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል መጎብኘት ይቻላል። ከሥሩ አበባ ሣለችበት።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ብዙ ሰው ቅርጫት ይዞ፣ ልጅ አዝሎ፣ ወደ ደሴቷ ሄዷል። አቶ አርቪድ ከሣጥናቸው ተነስተው የመድረኩ ጠርዝ ላይ ጎንበስ አሉና ዛጎል የተጣበቀባቸውን ምሰሶዎች አዩ። ከዚያ ወደ ኪዮስኩ መጡ።

"ሎሬታ፣ ውሃው ዞሯል።"

"አልዞረም። አርባ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።"

"እኔ ዞሯል እያልኩሽ ነው። ታችኛው ዛጎል ተሸፍኗል።"

"አጎት አርቪድ፣ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። ከመጽሐፉ ነው የጻፍኩት። አንድ ሰዓት ጨምሬ!"

"ውሃው መጽሐፍ አያነብም፣ የኔ ልጅ። በስምንት ተኩል ያ መንገድ የለም። ሰሌዳሽን አጥፊው።"

ሎሬታ ከወንበሯ ተነሳች። ከኪዮስኩ ባሕሩ አይታያትም፤ በባሕሩና በእሷ መካከል አሥራ አንድ ፎቅ መርከብ ቆሟል። የሚታያት አቶ አርቪድ ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውንም በጣም አይታቸዋለች።

"ጃንጥላውን ተውኩልዎ። ሾርባውን ተውኩልዎ። ሰሌዳዬን ግን አይነኩም! ይሄ መዝናኛ አይደለም፣ መረጃ ነው። ሰው እያስደነገጡ መኖር ልማድ አደረጉት። ይሂዱ፣ ይቀመጡ!"

አቶ አርቪድ አንድ ምክር እንኳ ሳይጨምሩ ዞሩ። ይህ በራሱ ሊያሳስባት ይገባ ነበር። የላስቲክ ቦቲያቸውን ጎትተው አጠለቁና፣ የማይታጠፍ ጉልበታቸውን እየጎተቱ በመርከቡ ጀርባ ዞረው ጠፉ። ሎሬታ ጸጥታውን አጣጥማ ሻይዋን ጠጣች።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ጸጥታው አለቀ። የተቆጣ ሕዝብ መጣ። ከፊት አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴት ነበረች።

"እዚህ የሚቀመጠው ሽማግሌ ምሳችንን ይዞ ሸሸ!"

"ምን?"

"ምሳችንን! ደሴቷ ላይ ተቀምጠን ልንበላ ስንል መጥቶ ውጡ አለ። ሰሌዳው እስከ ዘጠኝ ተኩል ይላል አልነው። ተከራከረን። እምቢ ስንለው ቅርጫቱን አነሳና ሄደ! ተከተልነው፣ ምን እናድርግ!"

"የኔን ልጅ ጫማም ወስዷል" አለ አንድ አባት። "ሁለቱንም! ልጁ በባዶ እግሩ እያለቀሰ ሮጠ፣ እኛም ከኋላው።"

"እኔን 'ለአንተ ብዬ ነው' እያለ በዱላ እንደ በግ ነዳኝ" አለ ሦስተኛው። "ቅሬታ የሚቀበለው ማነው?"

የሎሬታ ልብ በደስታ ዘለለ። እስክሪብቶው ክሩ እስኪበጠስ ድረስ ተጻፈ። ስድስት ቅሬታ! ስርቆት፣ ስድብ፣ ማዋከብ፣ አንዱ እንዲያውም ሁለት ገጽ ነበር። አቶ አርቪድ የቀሩትን ሊያወጡ እንደገና ተመልሰው ስለነበር የሁሉ መጨረሻ ሆነው ደረሱ። ቅርጫቱን በአንድ እጅ፣ የልጅ ጫማዎቹን በሌላው ይዘዋል። ሱሪያቸው እስከ ጭናቸው ድረስ ይንጠፈጠፋል። ዕቃውን ለየባለቤቱ መለሱ፤ ለቀይ ኮፍያዋ ሴትም ቂጣው ውስጥ ያለው ዓሣ ማዮኔዝ እንደበዛበት ነገሯት። ከዚያ ሣጥናቸው ላይ ተቀመጡ።

ሎሬታ ኪዮስኩን ዘግታ፣ ስድስቱን ወረቀት ይዛ ወደ ዌንዴል ቢሮ አመራች። መንገዱ በመርከቡ ጀርባ ነው የሚዞረው። እዚያ ስትደርስ ባሕሩን አየችው።

የአሸዋው መንገድ የለም። በቦታው ግራጫ ውሃ እየተሽከረከረ፣ ትልቅ ግንድ እንደ ክብሪት እንጨት ይዞ ያልፋል። የማዘጋጃ ቤቱን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀራል። በእሷ ሰሌዳ ገና ሃምሳ ደቂቃ የሚቀረው መንገድ ነበር። የልጁ ጫማ ስንት ቁጥር እንደነበር ማሰብ ጀመረች፤ በጣም ትንሽ ቁጥር ነበር።

የሙላት መጽሐፉ ኪሷ ውስጥ ነው። አውጥታ የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽ፣ እሷም ሆነ ሌላ የፖርት ሄይዝ ሰው አንብቦት የማያውቀውን ገጽ፣ ገለጠች። በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ ከዘንድሮ ጀምሮ ሰዓቶቹ ለበጋ ተስተካክለዋል፤ እባክዎ አይጨምሩ።

ዌንዴል ወረቀቶቹን ሲያይ እስክሪብቶውን አነሳ። "ስድስት! አምስት ነበር ያልኩሽ። በይ እንግዲህ፣ ቃሌ ቃል ነው።"

"አትፈርም" አለች ሎሬታ። "ደብዳቤዬን መልስልኝ።"

"ስድስቱስ?"

"ይቀመጡ። ሰባተኛ አመጣልሃለሁ።"

ተመልሳ መጀመሪያ ሰሌዳውን በእጅጌዋ አጠፋችው። ከዚያ ኪዮስኳ ውስጥ ገብታ ባዶ የቅሬታ ወረቀት ሳበች። የተከሳሽ ስም በሚለው ቦታ ላይ ሎሬታ ካባናስ ብላ ጻፈች። ቀጥሎ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል አሰፈረች፤ መጽሐፉን፣ የተጨመረውን ሰዓት፣ የተነገራትን፣ የመለሰችውን። ጥላ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ቀና አላለችም፤ የእርጥብ ሱሪ ሽታው ይበቃል።

አቶ አርቪድ በመስኮቱ ተንጠልጥለው፣ አንገታቸውን ጠምዝዘው፣ ጽሑፉን እንደተገለበጠ ሲያነቡት ቆዩ።

"'በስህተት ሰዎችን ለአደጋ አጋልጣለች' ብለሽ ነው የጻፍሽው?"

"አዎ።"

"ሰዓቱ ስህተት ነው፤ ያ ማንም ላይ ይደርሳል። እኔ ከነገርኩሽ በኋላ ያለው ግን ስህተት አይደለም። 'በግትርነት' በይ።"

ሎሬታ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ 'በስህተት' የሚለውን ሰርዛ ከላዩ ላይ 'በግትርነት' ብላ ጻፈች።

"አሁን ደግሞ ሦስተኛው መስመር..." አሉ አቶ አርቪድ፣ አንገታቸውን የባሰ እየጠመዘዙ።

ሎሬታ ወረቀቱን ቀና ብሎ እንዲነበብላቸው ወደ እሳቸው አዞረችው።