የቦንጋው የማርስ ጉዳይ ኃላፊ

የትም ሰፈር ብትሄዱ የቅርቡን ትቶ ለሩቁ ያደረ አንድ ሰው አታጡም። አንዱ ሰፈር የእንግሊዝ ኳስ ቡድን ጉዳይ አስፈጻሚ አለው፤ ሌላው ስለ አሜሪካ ምርጫ ከአሜሪካኖቹ በላይ እንቅልፍ የሚያጣ። በሩቅነት ግን እኛን ቦንጋዎችን የሚስተካከል የለም። የእኛው ሰው የተሾሙት በማርስ ላይ ነው።

ክቡርነታቸው ጋሽ ውባየሁ ይባላሉ። ከጎጃም በጂኦግራፊ መምህርነት ተመድበው መጥተው፣ ጡረታ ወጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ማርስን በዓይናቸው ያዩበት ቀን ቢቆጠር ከአንድ እጅ ጣት አያልፍም፤ የእኛ ሰማይ አብዛኛውን ዓመት ጉም ለብሶ ነው የሚከርመው። እሳቸው ግን ግድ የላቸውም። ማርስን እየዞሩ ፎቶ የሚያነሱ መንኮራኩሮች አሉ፤ ፎቶዎቹ ደግሞ ስልካቸው ላይ ይገባሉ። "ከላይ ሲታይ ሌላ ነው" ይላሉ፣ ስልኩን አፍንጫችሁ ስር ደቅነው።

ዕድር ላይ ስለተቀደደው ድንኳን ስንነጋገር እጃቸውን ያወጡና ማርስ ላይ የደረቀ የወንዝ መውረጃ መታየቱን አስረድተው ይቀመጣሉ። ክረምት በጣሪያቸው ቀዳዳ የሚወርደው ዝናብ ሳፋ እየሞላ፣ እሳቸው ማርስ ውሃዋን እንዴት እንዳጣች በሐዘን ይነግሯችኋል። የባጃጅ ሾፌር ስለ መንገዱ ጉድጓድ ካማረረማ አለቀለት፤ እስኪወርዱ ድረስ የማርስን ጉድጓዶች ይሰማል። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ማርስ ላይ ዘመድ አለዎት እንዴ?" ብላቸው ቅር ሳይላቸው፣ "ያልረገጡትን አገር የሚያውቁት ደጋግመው እየዞሩ በማየት ነው፤ በአንድ ፎቶ አይፈረድም" አሉኝ። ስቄ አለፍኩ።

ሳቄ የቆመው እትዬ ዙፋን ደጅ ላይ ነው።

እትዬ ዙፋን ከእኔም ከጋሽ ውባየሁም ጋር አጥር የሚጋሩ ጎረቤታችን ናቸው። አንድያ ልጃቸው ኢያሱ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ታንዛኒያ ደርሶ አንዴ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት ተጨመረ። በመጨረሻ አብሮት ወጥቶ የነበረ የጎረቤታችን የዋጫ ከተማ ልጅ ተመለሰና "ታሞብን መንገድ ላይ ትተነው ሄድን፤ የሚተርፍ አይመስለኝም" አለ። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ደጉ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ለቅሶ ተቀምጠው ይውጣላቸው፣ መርዶ ይነገራቸው ተባለ። ቃሉን ማን ይናገር ሲባል፣ ልጁን ያስተማሩት ጋሽ ውባየሁ ተመረጡ። ስህተታችን እዚያ ላይ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። እትዬ ዙፋን በሩን ከፍተው ጋቢያችንን ተከናንበን ሲያዩን መቃኑን ያዙ። ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ የማታውቅ እናት የለችም።

"ተናገሩ እንጂ፣ መምህር" አሉ።

ጋሽ ውባየሁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ወይዘሮ ዙፋን፣ ማርስ ላይ እንድታርፍ የተላከች አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ነበረች" ብለው ጀመሩ።

ደሜ ፈላ። አቶ ደጉ ከኋላ ጋቢያቸውን ጎተቱ። ሰውየው አልቆሙም። መንኮራኩሯ በምታርፍበት ቀን ድምጿ ጠፋ፤ ተከስክሳ ቀርታለች ተባለ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ማርስን የምትዞር ሌላ መንኮራኩር ያነሳችው ፎቶ ላይ ተገኘች።

"ተሰባብራ?" አሉ እትዬ ዙፋን።

"አልተሰባበረችም፤ አርፋለች። ክንፎቿ ሁሉ ስላልተዘረጉ መልእክት የምትልክበት አንቴና ተሸፍኖ ቀረ።"

"ታዲያ ኢያሱ አለ ነው የሚሉኝ?"

"አላልኩም። እሱን አላውቅም። ሞቷል ብለህ ንገር ተብዬ ነው የመጣሁት፤ ሲሞት ያየ ሰው ግን አላገኘሁም። ያልታየ ነገር አልናገርም።"

እትዬ ዙፋን መቃኑን ለቀቁ። "እንግዲያው ጥቁር አልለብስም" አሉና ወንበር ሊያወጡልን ገቡ።

ከግቢው ስንወጣ አቶ ደጉ "መርዶ ንገር ብንለው ክፍል አስተምሮ ወጣ" እያሉ ተንጨረጨሩ። እኔም አልቻልኩም። "ጋሼ፣ ይሄ እናትን ማሰቃየት ነው" አልኳቸው። "ያላየሁትን ይቅበሩ አልላቸውም" ብለው ባርኔጣቸውን ደፉ። ሰላምታ እስክነሳቸው ድረስ ተቀየምኳቸው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ዙፋን በየጠዋቱ በአጥሩ ብቅ ብለው "መምህር፣ ዛሬስ አለፈች?" ይላሉ። መንኮራኩሯን ነው። የምትዞረው ማርስን እንጂ ታንዛኒያን እንዳልሆነ አሳምረው ያውቃሉ። "ማለፉንስ አልፋለች" ይላሉ ጋሽ ውባየሁ፣ "አገሩ ሰፊ ነው፣ ካሜራዋ ጠባብ። ዞራ ትመጣለች።" እትዬ ዙፋን ይህችን ቃል ይዘው ኮረሪማቸውን ሊሸጡ ገበያ ይወርዳሉ።

በዚህ ክረምት ጋሽ ውባየሁ ለዓይናቸው ሕክምና ጅማ ሄዱ። በማግስቱ ወደ ቢሮ ስወጣ እትዬ ዙፋን አጥሩ ጋ ቆመዋል። "አንተ፣ ዛሬስ አለፈች?" አሉኝ። እኔ ምን አውቄ ልል አፌን ከፍቼ ፊታቸውን አየሁ። "አልፋለች እትዬ፤ አቧራ ሸፍኖባት ነው ምንም ያላየችው" አልኩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ።

ከሥራ ስወጣ ቂሜን ትቼ ጅማ ለጋሽ ውባየሁ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳቸው። ምስጋና ጠብቄ ነበር።

"አቧራ መኖሩን አይተሃል?" አሉኝ።

"አላየሁም።"

"እንግዲያው አትናገር። አልፋለች፣ ምን እንዳየች ግን አላውቅም በላቸው። እሳቸው አላውቅምን ይችሉታል።"

በማግስቱም ጠየቁኝ፤ እንደታዘዝኩት መለስኩ። እትዬ ዙፋን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ ይሻላል። የትናንቱን አቧራ አላመንኩህም" አሉኝ። ከዚያም "መምህር መቼ ነው የሚመጡት?"

"እሱንም አላውቅም፣ እትዬ።"

"ዞረው ይመጣሉ" አሉና ኮረሪማቸውን አንስተው ጉሙ ውስጥ ገቡ። እኔ ቢሮ እየረፈደብኝ እዚያው አጥሩ ጋ ቀረሁ። እኚያ ሰው መጥተው ስልካቸውን አፍንጫዬ ስር ቢደቅኑልኝ ብዬ ተመኘሁ።