ቁጥር ያልተጻፈባቸው ሽቦዎች

ሰው ፈሪነቱን የሚያውቀው መቼ ነው ብትሉኝ፣ የገዛ እጁን ሥራ መንካት ሲያቅተው ነው እላችኋለሁ። የሌላ ሰው ሥራ ቢያስፈራ መቼም መራገም ይቻላል። በእኛ ሙያ የተበላሸ ነገር የከፈተ ሰው ከካቻቢቴው በፊት የሚያነሳው፣ ቀድሞት የነካውን ሰው ስም ነው። ቀድሞ የነካው ራሱ ሲሆን ግን ማንን ይማ?

ሙያዬ የኮንትሮል ፓኔል መሥራት ነው። በየሕንፃው ምድር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ የአደጋ ምልክት የተለጠፈበት፣ ማንም የማይከፍተው ግራጫ የብረት ሣጥን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው። ውስጡ ብሬከር፣ ሪሌይና ኮንታክተር ተደርድረዋል። ኮንታክተር ማለት በአንዲት ቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ቀጭ ብሎ ትልቁን ሞተር የሚያስነሳ ዕቃ ነው። ቀሪው ሽቦ ነው፤ ብዙ ሽቦ። ደንቡ ሽቦው በቀለም ይለይ፣ ጫፉ ላይ ቁጥር ይደረግበት ይላል። እኔ ሁሉንም ጥቁር አደርገው ነበር፤ ቁጥርም አልጽፍበትም ነበር። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ቁጥር ያለውን ፓኔል ማንም ይጠግነዋል፣ የሌለውን ግን የሠራው ሰው ብቻ። "እሱ ካልመጣ አይሆንም" ሲባል ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ካዛንቺስ ካለ አንድ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሥር ያለውን የውኃ ፓምፕ ፓኔል የሠራሁት ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ዝናብ ሲጥል ወደ ምድር ቤቱ የሚገባውን ውኃ ፓምፑ በራሱ ተነስቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ባለፈው ሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ግን አልነሳ አለ፣ ተደወለልኝም። ከኦሎምፒያ በእግሬ ሮጥኩ፤ በዚያ ዝናብ ታክሲ ማን ያገኛል?

ስደርስ ምድር ቤቱ ጨልሟል። አዲሷ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ በዚያው ሳምንት ለቁጠባ ብላ በቀን መብራት እንዳይበራ አዝዛለች። ውኃው ቁርጭምጭሚቴን አልፏል። ከፓኔሉ አጠገብ መስኮት በሌላት ክፍል የሚኖሩት የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ በየነ ሱሪያቸውን ሰብስበው ቆመዋል።

"መጣህ ኢንጂነር?" አሉኝ። ኢንጂነር አይደለሁም፤ ሲያሾፉብኝ ነው።

ደረቅ የመወልወያ እንጨት ፈልጌ አስያዝኳቸው። "ኤሌክትሪክ ከያዘኝ በዚህ ይምቱኝ ጋሼ። በእጅዎ ግን እንዳይነኩኝ።"

"የቱ ጋ ልምታህ?"

"እጄን ነዋ!"

እንጨቱን አያያዛቸው ሰው ለማዳን የቆመ ሰው አያያዝ አልነበረም።

የፓኔሉን ዋና ማብሪያ አጠፋሁ። ስልኬን ለመብራት በጥርሴ ነክሼ በቴስተር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካካኋቸው፤ አንዱም ኤሌክትሪክ የለውም። ልቤ ግን እምቢ አለ። እዚህ ሣጥን ውስጥ አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ ምን እንደነበር ጠፍቶብኛል። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የሕንፃውን መብራት በሙሉ አጥፉልኝ ማለት እችል ነበር። ግን ሥራ አስኪያጇ "የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ?" ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ለካ ሰው ከሚያፍር መሞት ይቀለዋል። ዝም ብዬ ወደ ኮንታክተሩ የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ ፈታሁና ራቁት ጫፏን በሁለት ጣቶቼ ያዝኳት።

ከኋላዬ ውኃው ተንቦጫረቀ። ጋሽ በየነ እየሄዱ ነው።

"ጨልሞብሃል ልጄ፤ የኔን ክፍል መብራት ላብራልህ።"

ያኔ ትዝ አለኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ገመድ አጥሮኝ፣ ለጊዜው ብዬ፣ የኮንታክተሩን ሽቦ ከጥበቃው ክፍል አምፖል ላይ ቀጥያት ነበር። ክፍሏ መስኮት ስለሌላት አምፖሉ ቀንም ሌትም ይበራል፤ ማንም ሳያውቅ ስምንት ዓመት ሠራ። በዚያ ሳምንት በሥራ አስኪያጇ ትእዛዝ አምፖሉ በቀን ሲጠፋ ፓምፑም አብሮ ጠፋ። በጣቶቼ የያዝኳት እሷን ነው፤ አምፖሉ ከበራ ኤሌክትሪክ ይገባባታል፣ ያጠፋሁት የፓኔሉ ማብሪያም አያግደውም።

"እንዳይነኩት!" ብዬ ስጮህ ስልኬ ከአፌ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። እጄን መንጠቄን እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም።

"ጣቴ ማብሪያው ላይ ነው" አሉ ጋሽ በየነ ከጨለማው ውስጥ፣ ቀስ ብለው። "ከላዩ ላንሳው?"

"ያንሱት ጋሼ። በእናትዎ ያንሱት።"

ሽቦዋን በዳበሳ መልሼ አሰርኩ፣ ሣጥኑን ዘጋሁ፣ ዋናውን ማብሪያ መለስኩ። ከዚያ ጋሽ በየነ መብራታቸውን አበሩ። ኮንታክተሩ ቀጭ አለ፤ ፓምፑ ተነሳ። ሁለታችንም ውኃው ሲጎድል አየን።

ሥራ አስኪያጇ ወረደች። ምን ሆኖ ነው አለችኝ። "ኮንታክተሩ ነው" አልኳት። ቀጥሎ የበራውን አምፖል አየች።

"ጋሽ በየነ፣ በቀን መብራት አይበራም አላልኩም?"

እሳቸው እኔን አዩኝ። እኔ ውኃውን አየሁ።

"ጨለማ እፈራለሁ" አሏት፣ ሠላሳ ዓመት ሌሊት የጠበቁ ሰውዬ።

በማግሥቱ አዲስ ገመድ ይዤ ሄጄ ሽቦዋን ከአምፖሉ ለየሁ፣ ለሁሉም ቁጥር ጻፍኩላቸው። ስጨርስ ጋሽ በየነ "እንዲህ ያለ ሣጥን ሌላ ስንት ሠርተሃል?" አሉኝ። እያፈርኩ ወጣሁ።

አሁን የቁጥር ምልክቶቼን በኪሴ ይዤ ከካዛንቺስ እስከ ጎተራ የሠራሁባቸውን ሕንፃዎች እዞራለሁ። ጥበቃዎቹ "ምን ተበላሽቶ ነው?" ይሉኛል። ምንም እላለሁ። "ታዲያ ማን ጠራህ?" ብለው ይመልሱኛል። ምንም ሳይበላሽ የመጣ ኤሌክትሪሺያን ማን ያስገባል? ስለዚህ ዝናብ በጀመረ ቁጥር ስልኬን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አያታለሁ። እኔ እስክደርስ ሌላ ሰው ሣጥኑን እንዳይከፍተው እፈራለሁ።